ጣሪያ የሌላት መኪናና የመጥረጊያ እንጨቷ ፈተና

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ መኪና እናውጋችሁ። መኪና ለእኛ ለስደተኞቹ ቀልድ አይደለም። ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ያስተማረ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እያቆመ ኮሌጅ የጨረሰ፣ ሌሊት ሌሊት እየነዳ አገር ቤት ላለችው እናቱ ቤት የሠራ ወገናችን ስንት ነው! በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖረው ሐበሻ እንጀራው ከመሪ ጋር የተሳሰረ ነው ብንል ብዙም አላጋነንንም። ልጆቻችን ግን መኪናን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። ለአባት የሥራ መሣሪያ የሆነው ነገር ለልጅ ፍቅር ሆኗል።

ይህ ፍቅር አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ ታዲያ ጣጣ አለው። በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ቲኬት ተቀብሎ ገንዘቡን ከፍሎ የሚረሳ ነገር አይደለም። "ሬክለስ ድራይቪንግ" ይሉታል፤ በአንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር የሚመደብ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። እስከ 2020 ድረስ እንዲያውም ወሰኑ 80 ማይል ነበር። ወረቀቱ ገና ላልተስተካከለለት ሰው የወንጀል መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ፍጥነት የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ እንግዲህ ምን ያድርግ? "ተው" ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። እኛ የምንለው ሌላ ቦታ አለ ነው። ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስነዳ ርቀት፣ ዌስት ቨርጂኒያ ጄፈርሰን ካውንቲ ውስጥ፣ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና መሮጫ ሜዳ ይገኛል። ዋናው ዙር ሁለት ማይል ርዝመትና አሥር ኩርባዎች አሉት። እዚያም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ሜዳዎች፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ተራ ሰው ወደ ገበያ የሚሄድባትን የገዛ መኪናውን ይዞ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ ተምሮና ነድቶ የሚመለስባቸው ቀኖች አሉ። አዘጋጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ክለቦች ናቸው። የቢኤምደብልዩ ክለብ አለ፣ የፖርሽ ክለብ አለ፣ ኤስሲሲኤ የሚባለው የስፖርት መኪና ማኅበር አለ፣ ናሳም አለ (ጨረቃ ላይ የወጣው ሳይሆን ናሽናል አውቶ ስፖርት አሶሲዬሽን)።

ይህ ውድድር አይደለም። ሽልማት የለም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም፣ ለጀማሪዎች ሰዓት የሚይዝም የለም። ጀማሪው ብቻውን አይለቀቅም፤ አጠገቡ አስተማሪ ይቀመጣል። ቀኑ የሚጀምረው በማለዳ በመኪና ፍተሻ ሲሆን ከዚያ ስብሰባ ይደረግና የባንዲራዎቹ ትርጉም ይነገራል። ቢጫ ሲውለበለብ ተጠንቀቅ፣ አትቅደም ማለት ነው። ቀይ ሲሆን ተረጋግተህ ቁም፣ ጥቁር ሲሆን ውጣና ና፣ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ከኋላህ ፈጣን መኪና አለ። በችሎታቸው በቡድን የተከፈሉት ነጂዎች በየተራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየነዱ ይወጣሉ። ጀማሪዎቹ መቅደም የሚችሉት በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ያውም ከፊት ያለው ነጂ እጁን በመስኮት አውጥቶ "በዚህ በኩል እለፈኝ" ብሎ ሲጠቁም። የኛ ሰው ቤልትዌይ ላይ እንዲህ ቢተላለፍ ኖሮ እያልን መገረማችን አልቀረም።

የፍተሻው ነገር ጠበቅ ያለ ነው። ጎማ ይታያል፣ የጎማ ዳዶ ጥብቀት ይታያል፣ የፍሬን ሸራ ውፍረት ይታያል። የፍሬን ዘይቱ በቅርብ ወራት መለወጡም ይጠየቃል። ምክንያቱን የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሹፌር ከእኛ የበለጠ ይነግራችኋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ሲረገጥ እግር ወለል ድረስ ይወርዳል እንጂ መኪናዋ አትቆምም። ሜዳው ላይ በየኩርባው ከከፍተኛ ፍጥነት መያዝ ስላለ አባይ በረሃን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ እንደመውረድ ነው።

የራስ ቁሩም እንዲሁ ነው። የሞተር ብስክሌት ሄልሜት በአብዛኞቹ ክለቦች አይበቃም። ስኔል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለመኪና የሚያወጣው "ኤስኤ" የሚባል ደረጃ አለ። ይህኛው እሳት መቋቋሙና ከሮል ባር ብረት ጋር ተደጋግሞ ሲጋጭ መጽናቱ ይፈተሻል። ለሞተር ብስክሌት የሚወጣው "ኤም" ደረጃ እነዚህ ፈተናዎች የሉትም። በውስጡ የተለጠፈውን ምልክትና ዓመተ ምሕረት ሳያዩ በቅናሽ ተገኘ ብሎ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። አንድ የምናውቀው አሌክሳንድሪያ ያደገ ወጣት ሁለት ዓመት ያጠራቀማትን ገንዘብ አፍስሶ ማዝዳ ሚያታ ገዛ። ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ የምታምር መኪና ናት። ለሜዳው ምዝገባ ከፈለ፣ ሄልሜት ገዛ፣ ዘይቱን ለወጠ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ነዳ። ፈታሹ መኪናዋን አንዴ ዞር ብሎ አያትና "ሮል ባሩስ የታለ?" አለው። ልጁ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቅስቶች አሳየው። ፈታሹ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ መኪናዋ ሜዳውን ሳትረግጥ ተመለሰች።

ልጁ ቤቱ ሲገባ በንዴት ይንተከተክ ነበር። "አባዬ፣ መልኬን አይተው ነው!" አለ። እዚህ አገር ኖሮ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያላደረበት ጥቁር የለም፤ እኛም እንደው በደፈናው ተሳስተሃል አንለውም። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንድ ነጭ ሽማግሌም ከነሙስታንግ ኮንቨርቲብሉ በዚያው በር መመለሱን ራሱ ልጁ ነው የነገረን። "ጣሪያዋን ዘግቼ እኮ ነበር የሄድኩት" ሲል፣ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱት አባቱ "ልጄ፣ እሱ እኮ ጨርቅ ነው። ድንኳን ቤት ይሆናል እንዴ?" አሉት።

አባትዬው ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል፤ እኛ ግን ትንሽ እናብራራው። መኪና የሚገለበጠው አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ ሳለ አይደለም። ወደ ጎን እየተንሸራተተ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጎማው ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲቀረቀር ወይም ጠርዝ ሲመታው ነው፤ ሰው እንቅፋት መትቶት እንደሚወድቀው ማለት ነው። የመሮጫ ሜዳ ዳርቻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሣርና አፈር ነው። ጀማሪ ከኩርባ ሲወጣ ሁለት ጎማው ሣር ላይ ያርፍበትና ይደነግጣል፤ መሪውን በኃይል ጠምዝዞ ለመመለስ ሲሞክር ችግሩ ይፈጠራል። አስተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ "ከወጣህ ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ተመለስ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ጣሪያዋ ብረት የሆነ መኪና ብትገለበጥ ክብደቷን የሚሸከሙ ምሰሶዎች አሏት፤ ከፊት፣ ከመካከል፣ ከኋላ። ኮንቨርቲብል ግን የቀራት የፊት መስታወቱ ክፈፍ ብቻ ነው። ከኋላ ምንም ከሌላት የምታርፈው በዚያ ክፈፍና... በነጂው ራስ ላይ ነው። ሮል ባር የሚባለው ከመቀመጫው ጀርባ የሚቆም ወፍራም የብረት ቱቦ ያንን የጎደለ የኋላ ምሰሶ መተካቱ ነው። ደህናው ዓይነት ከመኪናዋ አካል ጋር ቢያንስ በአራት ቦታ በብረት ሳህንና በብሎን ይታሰራል፤ ወደ ኋላ የሚደግፉ እግሮችና ሰያፍ ማጠንከሪያም አለው።

ቁመቱ መብቃቱን የሚለኩት በመጥረጊያ እንጨት ነው። አዎን፣ በመጥረጊያ እንጨት! ነጂው ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ እንደሚነዳው ሆኖ ይቀመጣል። ጣሪያው ይገለጥና አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከሮል ባሩ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ ጫፍ ይጋደማል። ሄልሜቱ ከእንጨቱ በታች ከሆነ አለፈ፤ እንጨቱን ከነካ ወይም ከፍ ካለ ወደቀ። አንዳንድ ክለቦች ሁለት ኢንች ያህል ክፍተት እንዲኖር ይጠይቃሉ። መኪናዋ በጀርባዋ ብትተኛ መሬቱ የሚያርፈው በዚያ እንጨት መስመር ላይ ነውና፣ ከመስመሩ በላይ ያለ ሁሉ መሬት ውስጥ ነው ማለት ነው። ብዙ የምሕንድስና ስሌት ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። ቁመተ ረጅም የሆናችሁ ግን አስቡበት፤ አንድ ዓይነት መኪና አጭሩን አሳልፋ ረጅሙን ትጥላለች።

"ታዲያ መኪናዋ እንዲህ አደገኛ ከሆነች መንግሥት እንዴት እንድትሸጥ ፈቀደ?" ያለን አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 216 የጣሪያን ጥንካሬ ይደነግጋል። ከ1973 ጀምሮ የተሳፋሪ መኪና ጣሪያ የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ያዝዝ ነበር። በ2009 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ እስከ 6,000 ፓውንድ የሚመዝኑ መኪኖች ጣሪያ ሦስት እጥፍ እንዲሸከም ተደረገ። ኮንቨርቲብል ግን ከዚህ ነፃ ነው። የሌለ ጣሪያ ጥንካሬው አይለካምና! በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የመገልበጥ ፈተና ሊያመጣ ነው የሚለው ስጋት ከገበያው መቀዝቀዝ ጋር ተደምሮ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እነዚህን መኪኖች መሥራት አቁመው ነበር። የ1976ቱ ካዲላክ ኤልዶራዶ "የመጨረሻው አሜሪካዊ ኮንቨርቲብል" እየተባለ ተሸጠ። የተፈራው ፈተና ሳይመጣ ቀረና በ1982 ክራይስለር በሌባሮን መልሶ አመጣው። እናም መንገድ ላይ መንግሥት ያለፈውን፣ ሜዳ ላይ ክለቡ አላልፍም ይላል። እኛ በዚህ ጉዳይ ከክለቡ ጋር ነን።

ሁሉም ኮንቨርቲብል ግን አንድ አይደለም። ፖርሽ ቦክስተርና ከ1999 እስከ 2009 የተሠራው ሆንዳ ኤስ2000 ከፋብሪካ ሲወጡ ከመቀመጫው ጀርባ ቋሚ የብረት ቅስት አላቸው። ብዙ ክለቦች የእንጨቱን ፈተና እስካለፉ ድረስ ይቀበሏቸዋል። መርሴዲስ በ1989 ባወጣው ኤስኤል ላይ ደግሞ መኪናዋ ልትገለበጥ ስትል በሰከንድ ሦስት አሥረኛ ውስጥ ብድግ የሚል ብረት ገጥሞ ነበር። ቢኤምደብልዩና ሌሎችም ተከትለውታል። በዚህ ብድግ በሚለው ዓይነት ላይ ክለቦቹ አይስማሙም፤ አንዱ ፋብሪካው ያመነውን አምናለሁ ይላል፣ ሌላው ቆሞ ያላየሁትን ብረት አላምንም ይላል። የሚያታ ትንንሽ ቅስቶች ግን በአብዛኞቹ ዘንድ እንደ ጌጥ ነው የሚታዩት። የደንቡ መለያየት ተሳታፊውን እንደሚያንገላታ አይካድም። አንድ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ያለፈች መኪና በሳምንቱ በሌላ ክለብ ልትመለስ ትችላለች፤ ይህን ቢያስተካክሉት ደግ ነበር።

"እንግዲያው ሮል ባር እናስገጥምና እንገላገል" ለምትሉ ሌላ ጣጣ አለ። ያቺው መኪና ሰኞ ሥራ ልትወስዳችሁ ነው። ሜዳ ላይ ሄልሜት አለ፤ መንገድ ላይ ግን ራስ ባዶ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጫችሁና ራሳችሁ ወደ ኋላ ቢወረወር ያ አዳኝ ብረት ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ብረቱ ከራስ በቂ ርቀት ሊኖረው ይገባል፤ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ስፖንጅም መሸፈን አለበት። ከመላው የብረት አጥር ጋር መንገድ ላይ መንዳትማ የሚመከር አይደለም። የእሽቅድምድም ቀበቶም እንዲሁ በግማሹ አይሆንም። በአራት ወይም በስድስት ነጥብ የሚያስረው ቀበቶ ሰውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከላይ የሚከላከል ብረት ሳይኖር ቀጥ ብሎ መታሰር ደግሞ ወደ ጎን ዘንበል የማለትን ዕድል መንፈግ ነው። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ፋብሪካው የሠራውን።

ከደንቦቹ ሁሉ ልባችንን የነካው ሌላ ነው። ለነጂው ያለው መከላከያ ሁሉ ለአስተማሪውም በእኩል መኖር አለበት። ለራስህ ጥሩ መቀመጫና ቀበቶ ገጥመህ አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው ባረጀ ቀበቶ ማሰር አይፈቀድም። አስተማሪው በብዙ ክለቦች የቀን አበል የማይከፈለው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ የማያውቀው ልጅ በሚነዳት መኪና ውስጥ ፍሬን ሳይኖረው ይቀመጣል። እጅ ወደ ውጭ እንዳይወረወር ሲባልም አንዳንዶቹ የጨርቁ ጣሪያ ተዘግቶ እንዲነዳ፣ ወይም ክንድን ከቀበቶው ጋር የሚያያዝ ማሰሪያ እንዲታሰር ያዝዛሉ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አደጋ አይቀርም፤ ሸፍነን አናልፈውም። በ2005 ካሊፎርኒያ ፎንታና በነበረው ሜዳ፣ በእንዲህ ዓይነቱ የአማተሮች ቀን፣ አንድ ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ነጂውና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሞተዋል። ከመግቢያው ወደ ሜዳው በዝግታ የገባ ሌላ መኪና መንገዱ ላይ ነበር። የግድግዳው አቀማመጥም ክርክር አስነስቷል። ሁለቱም ኃላፊነት ለመልቀቅ ፈርመው ነበር፤ ቢሆንም የተሳፋሪው ቤተሰብ ከሰሰና ጉዳዩ በ2007 በሚሊዮኖች ዶላር በስምምነት ተቋጨ። ከካሳው ውስጥ ከሟቹ ነጂ ውርስ የወጣም አለበት። እንግዲህ በር ላይ የምትፈርሙት ወረቀት ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ያም ሆኖ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሳያነቡ መፈረም የኛ ሰው አመል ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ኢንሹራንሱ ነው። ብዙ የግል መኪና ፖሊሲዎች በመሮጫ ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ "ውድድር" ብቻ ይላሉ፤ ሌሎች ትምህርትም ቢሆን በግልጽ ያስወጣሉ። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ የሚገዛ ልዩ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም በአብዛኛው የሚሸፍነው የራስን መኪና ጉዳት ነው። ገና ወርኃዊ ክፍያዋ ያላለቀ መኪና ግድግዳ ላይ ብትለጠፍ ባንኩ ገንዘቡን መጠየቁን አያቆምም። በቤታችን ደግሞ የአንድ ሰው ደሞዝ የሚጠብቀው እዚህ ያለውን ብቻ አይደለም፤ በየወሩ ዌስተርን ዩኒየን በር ላይ የምንሰለፍ እናውቀዋለን። ስለዚህ ፖሊሲውን አውጥታችሁ አንብቡት። ወኪላችሁን ስትጠይቁም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።

ኮንቨርቲብል ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትሄዱበትን ክለብ ደንብ አውርዳችሁ ተመልከቱ፤ የመኪናዋን ስሪትና ዓመት ጽፋችሁ ለፍተሻ ኃላፊው ላኩ። ያላችሁም ሄልሜት ተውሳችሁ በጓሮ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር ሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥቂት ከጎደለ መቀመጫውን ዝቅ የሚያደርግ መካኒክ አይጠፋም።

ለጀማሪ ግን የተለየ መኪና መግዛት ጨርሶ አያስፈልግም። በአባት የምትነዳው አሮጌ ካምሪ ፍሬኗና ጎማዋ ደህና ከሆነ በአብዛኞቹ ክለቦች በር ያለ ጥያቄ ትገባለች። ከፍ ከፍ ያሉት ኤስዩቪዎችና ቫኖች ግን በብዙ ቦታ አይፈቀዱም፤ ክብደታቸው ወደ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይገለበጣሉ። የአሌክሳንድሪያው ወጣት በተመለሰበት በር፣ የአባቱ ታክሲ መብራቱ ከጣሪያው ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሳይገባ አይቀርም ነበር።